«ዶልፊን ዓሣ» ማለት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሳይንስ መምህርት ነኝ። በሰጠሁት ፈተና አንድ ተማሪ «የንጹህ ውኃ ዶልፊን ዓሣ ጥጃዋን ታጠባለች» ብሎ ጻፈ። «ዓሣ» የሚለውን በቀይ ሰርዤ ነጥብ ቀነስኩበት። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ሰው ሁሉ ዶልፊን ዓሣ ነው የሚለው፤ ልጁ ምን አጠፋ?» ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ስረዛዎ ልክ ነው። ነጥቡን ግን ቢመልሱለት ደስ ይለኛል። ልጁ ዋናውን ቃል አግኝቶታል፤ «ታጠባለች» ብሏል። ዶልፊንን ከዓሣ የሚለያት ይኸው ግሥ ነው። ትወልዳለች፣ ታጠባለች፣ በሳንባ ትተነፍሳለች። ለዚህም አናቷ ላይ ባለው ቀዳዳ አየር ልትስብ ብቅ ትላለች። ጅራቷን እንኳ ላይና ታች ነው የምታወዛውዘው፤ ዓሣ ግን ግራና ቀኝ።

የባልደረባዎም ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። አማርኛ የሚዋኘውን ትልቅ ፍጥረት «ዓሣ» ማለት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የማቴዎስ ወንጌል ዮናስ «በዓሣ አንበሪ ሆድ» እንደ ነበረ ይነግረናል። «ዓሣ ነባሪ»ም አጥቢ ሆኖ ሳለ ስሙ «ዓሣ» ይላል። ይህ ስር የሰደደ ስም ስለሆነ አይነቀልም፤ ማንም ሲሰማው የትኛው እንስሳ እንደሆነ ያውቃል። «ዶልፊን» ግን በቅርብ የመጣ ቃል ነው፤ ያለ ደጋፊ ብቻውን ይቆማል። «ዓሣ» ሲጨመርበት የሚገኘው አዲስ ነገር የተሳሳተ መረጃ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ ይህ ይጎዳል።

«አጥቢ» የሚለውንም ተማሪዎች ሲያምታቱት እሰማለሁ። የሚጠባው ግልገሉ ነው። አጥቢዋ እናቲቱ ናት። ቃሉ የወጣው «አጠባ» ከሚለው ግሥ ነውና።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ እርስዎ ያለፉት ቃል ነው፤ «ንጹህ ውኃ»። ይህ ከእንግሊዝኛ በጥድፊያ የተገለበጠ ነው። ሊባል የተፈለገው ጨው የሌለበት ውኃ ነው። የጀማ ወንዝ በክረምት አፈር ይዞ ሲወርድ ጨው አልባ ነው፤ ንጹህ ግን ማን ይለዋል? የጋንጀስ ዶልፊን የምትኖረውም በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ነው። ዓይኗ ሌንስ ስለሌለው ምስል አያሳያትም፤ ብርሃንና ጨለማን ቢለይላት ነው። ድምፅ ታሰማና የገደል ማሚቶውን አዳምጣ ዓሣዋን ታድናለች። እንዲህ ያለችውን እንስሳ «የንጹህ ውኃ» ብሎ መጥራት ኑሮዋን መካድ ነው። «የወንዝ ዶልፊን» እንበል፤ ሐይቅም የሚጨምር ከሆነ «የጨው አልባ ውኃ»።

«የወንዝ ዶልፊን» ግን የመኖሪያ ስም እንጂ የዘር ስም አይደለም። የአማዞኗና የጋንጀሷ ሁለቱም ረጅም ቀጭን አፍ አላቸው፤ እህትማማች ይመስላሉ። ሆኖም የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። የየራሳቸው አያቶች ከባሕር ወደ ወንዝ የገቡት ለየብቻ ነው። በቻይናው ያንግትዜ ወንዝ የነበረችው ባይጂም ሌላ ቤተሰብ ነበረች። «ነበረች» ያልኩት አስቤበት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ወንዙ ሲታሰስ አንዲት እንኳ አልተገኘችም። መጽሔቶቻችን ዛሬም «ትኖራለች» ብለው ሲጽፉ ያመኛል።

ወደ «ጥጃ» ልምጣ። ይህም ትርጉም ያመጣው ነው፤ እንግሊዝኛው ለላምም ለዶልፊንም ልጅ አንድ ቃል ይጠቀማል። አማርኛ ግን በዚህ ሀብታም ነው። ጥጃ የላም ነው፣ ውርንጭላ የአህያና የፈረስ፣ ደቦል የአንበሳ። «ግልገል» ከበግና ከፍየል አልፎ ለዱር እንስሳም ስለሚሆን ለዶልፊን የሚስማማው እሱ ነው።

እግረ መንገዴን ለተማሪዎችዎ የሚነገር አንድ ነገር ላክልልዎ። ዶልፊኖችና ዓሣ ነባሪዎች በዘር ሸሆኔያቸው ለሁለት ከተሰነጠቀ እንስሳት ወገን ናቸው። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት የቅርብ ዘመዳቸው ጉማሬ ነው። ስለዚህ የመንዝ በግ አብሮት ከሚግጠው፣ ሸሆኔው ካልተሰነጠቀው ፈረስ ይልቅ ለአማዞን ዶልፊን ይቀርባል። በግና ፈረስ እያየ ያደገ የሰሜን ሸዋ ልጅ ይህን ሲሰማ «እንዴት ተደርጎ!» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ትምህርቱ ገባው ማለት ነው።

የልጁ ዓረፍተ ነገር ታርሞ «የወንዝ ዶልፊን ግልገሏን ታጠባለች» ይሆናል። በቀይ የሚነካው ሦስት ቦታ ነው፤ ግሡን እንዳለ ይተዉለት።