ከሴሊካ ወደ 86 መሻገር ምን ያተርፋል?

ጥያቄ፦ ላለፉት ስድስት ዓመታት እ.ኤ.አ. የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ እነዳለሁ። ባለ 1.8 ሊትር፣ 140 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ማኑዋል ማርሽ መኪና ናት፤ ጎማዋ 195/60 ባለ 15 ኢንች ነው። እስካሁን ብዙም አላስቸገረችኝም፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሊትር ያህል ዘይት እጨምርባታለሁ። በቅርቡ አንድ ደላላ የ2013 ሞዴል ቶዮታ 86 አሳየኝ፤ የእኔን ሰጥቼ የዋጋውን ልዩነት በጥሬ ገንዘብ ብጨምር ባለቤቱ ፈቃደኛ ነው። ቅዳሜና እሁድ ወደ አሰላ፣ አልፎ አልፎም በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሰውም በዚችው መኪና ነው። የሚጨመረው 60 የፈረስ ጉልበት ልቤን ቢያሸፍተውም፣ ገንዘቤን አውጥቼ እንዳልጸጸት ስለምሰጋ ሁለቱንም የነዱት እርስዎ እንዲመክሩኝ እጠይቃለሁ።
ተ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እኔም ሴሊካዬን ሰባት ዓመት ነድቼ ወደ 86 የተሻገርኩት እዚሁ አዳማ እየኖርኩ ስለሆነ ጥያቄዎን እንደራሴ ጥያቄ አድርጌ ነው ያነበብኩት። አስቀድሜ ልብዎን ያሸፈተውን ቁጥር ማንሳት እፈልጋለሁ፤ እኔንም በጊዜው ያሳሳተኝ እሱው ነበርና።

140 እና 200 የሚባሉት አሃዞች የሞተሩን ጉልበት የሚናገሩት በባሕር ጠለል አየር ተለክቶ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አምስት ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሁለቱም መኪኖች ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አስገድዶ የሚያስገባ መሣሪያ) ስለሌላቸው የሚያጡት ጉልበትም በዚያው መጠን ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ሴሊካዎ ወደ 115፣ 86 ደግሞ ወደ 165 የፈረስ ጉልበት ይኖራቸዋል ማለት ነው፤ አሰላ ሲደርሱ ሩብ ያህሉ ስለሚጎድል ልዩነቱ ከ60 ወደ 45 ይወርዳል። በዚህ ላይ ሴሊካ 1,100 ኪሎ ግራም ገደማ ስትመዝን 86 ደግሞ 1,240 ኪሎ ግራም አካባቢ ትመዝናለች።

ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ በዕለት ተዕለት ጉዞ የሚሰማዎ ቶርክ የሚባለው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። የሴሊካዎ ሞተር 172 ኒውተን ሜትር ያህል የሚሰጠው በደቂቃ 4,200 ዙር ገደማ ሲሆን፣ 86 ግን 205 ኒውተን ሜትሯን የምታወጣው ከ6,400 ዙር በላይ ስትደርስ ነው። አሃዞቹን ለመኪኖቹ ክብደት ቢያካፍሏቸው ልዩነቱ ከመቶ ስድስት አይበልጥም። ይባስ ብሎም ይህ የ86 ሞተር ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ባለው መካከል ጉልበቱ ለጊዜው ርግብ የሚልበት ባሕርይ አለው፤ በባጃጆች መካከል ስንሹለከለክ፣ የጭነት መኪና ቀድመን ለማለፍ ስንሞክር፣ ብዙዎቻችን ሞተሩን የምናዞረው በዚሁ ክልል ነው። መኪናዋን በተቀበልኩ በመጀመሪያው ሳምንት «ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለዚህ ነው?» ብዬ ራሴን መጠየቄን አልረሳውም። ፈጣን መንገዱ ላይም ቢሆን የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ሁለቱም ሳይጨነቁ እዚያ ይደርሳሉ። ስለዚህ ለፍጥነት ብለው ከሆነ የሚቀይሩት፣ አይቀይሩ።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ እኔ ለምን 86ን እስከ ዛሬ ያዝኳት? መልሱን ያገኘሁት ከአዳማ ወጥቼ መልካሳ ላይ አዋሽን ከተሻገርኩ በኋላ፣ ከዴራ ወደ ኢተያ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ሴሊካ ሞተሯ ከፊት በአግድም የተቀመጠ፣ የፊት ጎማዎቿ መኪናዋን የመጎተትም አቅጣጫዋን የመምራትም ሥራ የተሸከሙ መኪና ናት። ኩርባ ውስጥ በጥድፊያ ከገቡ አፍንጫዋ ወደ ውጭ እየገፋ ይሄዳል፣ መሪውም እጅዎ ላይ ይቀልላል፤ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሱ ግን ወደ መስመሯ ትመለሳለች። ይህ ይቅር ባይነቷ ትልቅ ጸጋ ነው። 86 የተሠራችው በሌላ ሐሳብ ነው። ቶዮታ ከሱባሩ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ያቀረባት ይህች መኪና የሱባሩን ዓይነት ሞተር የያዘች ናት፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል፣ ስለዚህ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላም ገባ ብሎ ተቀምጧል። የሚገፏት የኋላ ጎማዎቿ ናቸው፤ ክብደቷም ከመቶ 53 ፊት፣ 47 ኋላ ያርፋል። የፊት ጎማዎቿ ከመጎተት ነጻ ስለሆኑ መሪውን ባዞሩት መጠን ትታዘዛለች፤ መኪናዋ ከፊት እየተጎተተች ሳይሆን ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ሆና የምትዞር ይመስልዎታል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ እንኳ ደስታው አይጎድልብኝም። ለእኔ የልዩነቱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

ይህንኑ ባሕርይ አለማወቄ ግን አደጋ ላይ ሊጥለኝ ነበር። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ፣ በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ገና ሳይታጠብ፣ ከኢተያ ቁልቁል ስመለስ አንድ ኩርባ ውስጥ ፍጥነቴ በዝቶ ታየኝና በሴሊካ እንደለመድኩት እግሬን በድንገት ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። በዚህ ጊዜ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ተዛወረ፣ የኋላ ጎማዎቿ ቀለሉ፣ ጅራቷም ወደ ጎን ወጣ። ያዳነኝ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት ነው፤ የአንዱን ጎማ ፍሬን ለብቻው ይዞ አቃናት። ቤት ገብቼ ጎማዎቹን ስመለከት ጥርሳቸው ገና ያላለቀ ቢሆንም፣ ጎናቸው ላይ የተጻፈው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ስምንት ዓመት እንደሞላቸው ይናገር ነበር። ከቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ፤ እባክዎ ደላላው ባሳየዎ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚያነቡት ይህን ይሁን። ከኋላ በሚገፋ መኪና ኩርባ የሚያዘው ፍጥነትን ከመግባት በፊት በመቀነስ፣ ውስጡ ከገቡ በኋላም ነዳጁን በእርጋታ በመያዝ ነው። የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ደግሞ በሕዝብ መንገድ ላይ ፈጽሞ አያጥፉት።

ወደ ከተማ ኑሮ ስንመለስ ሴሊካ ብልጫ አላት። የእርስዎ ጎማ ከቸርኬው እስከ አስፋልቱ 117 ሚሊ ሜትር ያህል የጎማ ትራስ አለው፤ ፋብሪካው ለ86 የሰጠው 215/45 ባለ 17 ኢንች ጎማ ግን ያለው 97 ገደማ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ማለት ትንሽ ይመስላል፤ በኮብልስቶን መንገድ ግን ወገብዎ ይቆጥረዋል፣ ጉድጓድ ውስጥ ድንገት ከገቡ ደግሞ ቸርኬው ይጎብጣል። ከመሬት ያላት ከፍታም 13 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ እኔ የፍጥነት መቀነሻዎችን የማልፈው በሰያፍ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ እያወጣሁ ነው። ስለ ልጅዎ ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልንገርዎ፤ የሁለቱም የኋላ ወንበር ጠባብ ቢሆንም የ86 በጣም የጠበበ ነው፤ ቁመትዎ መካከለኛ ከሆነ ወንበርዎን ለራስዎ ሲያስተካክሉ ከኋላዎ ለእግር የሚተርፍ ቦታ የለም። ዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያ አይቀመጥም።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ፤ ደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እስከ 2002 ገደማ የተሠሩት እንደ እርስዎ ያሉ ባለ 1.8 ሞተሮች የታወቀ ድክመት አላቸው፤ ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በጊዜ ብዛት በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፒስተኑን የከበቡት ፋሻ የሚባሉት ቀለበቶችም ይያያዛሉ፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ የፒስተኑን ቅርጽ አስተካክሎታል። ሞተሩ ኮሮላ ላይ ከሚገኘው ቤተሰብ ስለሆነ ፒስተንና ፋሻ መለወጥ ለሠለጠነ መካኒክ እንግዳ ሥራ አይደለም፣ ዕቃውም ይገኛል። ዘይት መብላቷን እንደ ሞት ምልክት ቆጥረው መኪናዋን በርካሽ አሳልፈው እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ፤ ደላላው ዋጋዎን የሚያወርደው በዚሁ ነው። በሳምንት ሳይሆን በኪሎ ሜትር ይለኩት፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚጎድል ሲያውቁ ለመካኒኩ የሚነግሩት ነገር ይኖርዎታል።

86 ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ዘይቷ 5.4 ሊትር ነው፣ የእርስዎ 3.7 ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ 0 ደብልዩ 20 የሚባለውን ቀጭን ዘይት ትፈልጋለች። ካንዴላዎቿ በሞተሩ ግራና ቀኝ ከሻንሲው አጠገብ ስለተቀመጡ ለመለወጥ ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ የዘይት ማጣሪያዋ ግን ከላይ፣ ኮፈኑን ሲከፍቱ ፊት ለፊት ስለሚገኝ መካኒኬ በጣም ይወድላታል። ሞተሯ አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቅበት መጠን 12.5 ለ 1 በመሆኑ አምራቹ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ሲጨመቅ አለጊዜው የማይቀጣጠል ቤንዚን ያዝዛል፤ ከፍታችን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚቀንስ በዚህ በኩል ይረዳናል። ቆማ ስትሠራ እንደ ፌንጣ የሚጮህ ድምፅ ከሰሙ ምንጩ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፓምፕ ስለሆነ አይደንግጡ።

ሊደነግጡ የሚገባዎት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩ 86ዎች ለቫልቭ ሞላ (የሞተሩን የአየርና የጭስ በሮች መልሶ ለሚዘጋው ሞላ) ጥገና በአምራቹ ተጠርተው ነበር፤ የ2013 ሞዴልም ከተጠሩት መካከል ይገኛል። ሞላው ከተሰበረ ሞተሩ እየተሄደ ሊጠፋ ይችላል፤ ጥገናውም ሞተሩን አውርዶ መክፈት ይጠይቃል። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ወስደው ጥገናው ተደርጎ እንደሆነ ያጣሩ፤ ተደርጎ ከሆነም በማን እጅ እንደተሠራ ይጠይቁ፣ ከሞተሩ መጋጠሚያዎችም ዘይት እንዳያንጠባጥብ መካኒክዎ ከሥር ገብቶ ይመልከት። ባለቤቱ ይህን ለማሳየት ካንገራገረ ንግግሩን እዚያው ያቁሙ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሁለቱም መኪኖች የማይተኩ ሆነዋል። ሴሊካ ማምረት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለቆመ የፊት መብራቷና ባምፐሯ አስቸጋሪ ናቸው፣ ሞተሯ ግን በኮሮላ ዕቃ ይኖራል። ለ86 ግን አብዛኛውን ዕቃ ከውጭ አስመጥተው ነው የሚጠብቁት፤ እኔ አንድ የፍሪሲዮን ዕቃ እስኪመጣ ሁለት ወር ተኩል በባጃጅ ተመላልሻለሁ። በቤትዎ ሌላ መኪና ስለመኖሩ አልጻፉልኝም፤ ሴሊካዋ ብቸኛዋ ከሆነች የእኔ ምክር መጀመሪያ ሞተሯን ያሳድሱ፣ ልጅዎንም ማድረስዎን ይቀጥሉ የሚል ነው። ሁለተኛ መኪና ካለ ግን፣ የቫልቭ ሞላው ጉዳይም ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ባለቤቱን አስፈቅደው ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ አስነሥተው እስከ ኢተያ ደርሰው ይመለሱ። ሲመለሱ ስለ ጉልበቷ ሳይሆን ስለ መሪዋ የሚያወሩ ሆነው ካገኙት ራስዎን፣ ይግዟት፤ እኔም ዛሬ ቢደገምብኝ እገዛታለሁ።

ጥያቄ፦ እኔም ሴሊካ አለኝ፣ ማኑዋል ናት። ሐዋሳ ላይ ለሽያጭ ያገኘሁት 86 አውቶማቲክ ነው። ልዩነቱ የጎላ ነው?
ሰ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አዎን፣ የጎላ ነው። ፋብሪካው ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመድረስ ለማኑዋሉ 7.6፣ ለአውቶማቲኩ 8.2 ሰከንድ ይሰጣል፤ ሐዋሳም ከፍታዋ ወደ 1,700 ሜትር ስለሚጠጋ ሁለቱም ከዚህ ይዘገያሉ። ከሰከንዱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቀደም ብዬ ያነሣሁት የጉልበት መርገብ ነው፤ በማኑዋል እርስዎ ማርሽ አውርደው ቀድመው ያመልጡታል፣ አውቶማቲኩ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ከፍተኛ ማርሽ ላይ መቆየት ስለሚወድ መካከሉ ላይ ያስቀርዎታል። ከመሪው ኋላ ባሉት መቀያየሪያዎች በጣትዎ ማርሽ ማውረድ ስለሚቻል መፍትሔ የለውም አልልም። የፍሪሲዮን ፔዳል ለጉልበትዎ የሚከብድ ከሆነ፣ ወይም አብዛኛው ጉዞዎ ከተማ ውስጥ ከሆነ ይውሰዱት፤ የካምቢዮ ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ ግን ይጠይቁ። አለበለዚያ ማኑዋል እስኪያገኙ ሴሊካዎን ይዘው ይጠብቁ።