ለግራ መስመር የተመደበው ልጅ

ባለፈው እሁድ አንድ ልጅ ቤቴ መጣ። ማልያውን በፌስታል ቋጥሮ ይዟል። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። "ጋሼ፣ ልለቅ ነው" አለኝ። አሰልጣኙ ሁለት ጨዋታ ወንበር ላይ አስቀምጦት ነበር። በሦስተኛው ሲያሰልፈው ከአጥቂነት አንስቶ ግራ መስመር ላይ አቆመው። የአጥቂ የሆነውን 9 ቁጥሩንም ነጥቆ የመስመር ተጫዋቹን 11 ሰጠው። ለልጁ ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው።

ሻይ አስቀርቤ ብዙ አወራሁት። ጆሮው እንጂ ልቡ እኔ ጋ አልነበረም። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ፌስታል ቋጥራችሁ ለተዘጋጃችሁም ይኼን እጽፋለሁ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስፖርት አስተምሬያለሁ። ከክፍል ውጪ ደግሞ ቡድን አሰለጥን ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ሜዳችን በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያድራል። ኳሷ ባዶ ጭን ላይ ስታርፍ ጅራፍ ናት። ያንን ብርድ ችሎ ልምምድ የሚመጣ ልጅ ኳስ ይወዳል። እዚያ ላይ ከማናችሁም ጋር ክርክር የለኝም።

ስለ እንግሊዛዊው አጥቂ ስለ ዋይኒ ሩኒ ላውራችሁ። እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ፤ ስለዚህ የማመሰግነው እያቃጠለኝ ነው። በፕሪምየር ሊጉ የመጀመሪያ ጎሉን ያገባው በእኛው ላይ ነበር። ጥቅምት 2002 በፈረንጆቹ፣ ለኤቨርተን፣ በመጨረሻው ደቂቃ ከሩቅ መትቶ። 17 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ቀርቶታል። እኛ ደግሞ 30 የሊግ ጨዋታ ሳንሸነፍ ቆይተን ነበር።

በ2004 ማንችስተር ዩናይትድ ገባ። ገና 18 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያ ጨዋታው የቱርኩ ፌነርባቼ ላይ ሦስት ጎል አግብቶ ሐትሪክ ሠራ። ይኼንን ዩቲዩብ ላይ አይታችሁታል። መቀስ ምቱንም አይታችሁታል፤ እሱን አልደግመውም።

ዩቲዩብ የማያሳያችሁን ልንገራችሁ። በትልልቆቹ የአውሮፓ ጨዋታዎች ሩኒ ብዙ ጊዜ የሚሰለፈው ግራ መስመር ላይ ነበር። ሮናልዶ ወደ ፊት እንዲበር እሱ ወደ ኋላ ይሮጣል። የተጋጣሚን ተከላካይ እያሳደደ እስከ ራሱ ጎል ድረስ ይወርዳል። አጥቂ ነው እኮ! በ2008 ዩናይትዶች የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ ያነሱት እንዲህ እየሠራ ነው። በ2009 ሮናልዶ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። ሩኒ ፊት ላይ ተመለሰና በአንድ የውድድር ዘመን 34 ጎል አገባ። ግራ መስመር ላይ እያለም ጎል ማግባት ጠፍቶት አልነበረም። የተሰጠው ሥራ ሌላ ስለነበረ ነው።

መልአክ አላደርገውም። ልጅ እያለ ከኤቨርተን ሰማያዊ ማልያው ሥር "አንዴ ሰማያዊ፣ ሁሌም ሰማያዊ" የሚል ካናቴራ ለብሶ አሳይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቀቀ። መልቀቁን አልወቅስም። የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ የተሻለ ቤት ከተገኘ ይኬዳል። እኔ የምላችሁ ካናቴራ ላይ መሐላ አትጻፉ ነው።

ጥቅምት 2010 ላይ ደግሞ ከዩናይትድ ልሂድ አለ። ያኔ ጎሉ ደርቆበት፣ ቁርጭምጭሚቱም አስቸግሮት ነበር። ክለቡ ትልልቅ ተጫዋቾች ያመጣል ወይ ብሎ መጠየቁ ነውር አልነበረም። እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ያጠፋው ሰዓቱ ላይ ነው። መግለጫውን ያወጣው ቡድኑ ለሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ሜዳ ሊገባ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው። ጓደኞችህ ታኬታ እያሰሩ እያለ "እዚህ ቤት ተስፋ የለም" አይባልም። ደጋፊው በገነ። ከዚያ በሁለተኛው ቀን የአምስት ዓመት ውል ፈረመ።

እኔም ከእሱ የባሰ ሠርቻለሁ። ወጣት ሆኜ የአንድ ቡድን አጥቂ ነበርኩ፤ የቡድኑ ስም ይቅር። ለውድድር መሐል ሜዳ ሄድን። የመንዙን ከተማ ማለቴ ነው፤ እኔን የመደቡኝማ ተከላካይ ነው። ግራ ተከላካያችን ታሞ ነበር። አሰልጣኙ "ዛሬን ብቻ" አለኝ። "ጉልበቴን አሞኛል" አልኩ። ውሸቴን ነው። ከኔ የሚያንስ ልጅ ገባና ታግሎ ተጫወተ። ስንመለስ ታርማ በር ላይ ጉም ውጦን መኪናው ቆመ። ሁሉም ይዘፍናል፣ ዳቦ ይቆርሳል። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ዝም። ያኮረፈ ምሳው እራት ይሆነዋል ይባላል። የእኔስ እራትም አልሆነ፤ ለእኔ ያስቀመጠ የለም። በሚቀጥለው ጨዋታ ያ ልጅ ቋሚ ነበር። እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ጉልበቴን እንዴት ነህ ያለኝም የለም።

ታዲያ አሰልጣኙን አታናግሩ እያልኩ አይደለም። አናግሩ። ከልምምድ በኋላ፣ ለብቻው አግኝታችሁ። "ለምን ቀየርከኝ" ብላችሁ አትጀምሩ። "እዚያ ቦታ ላይ ምን እንድሠራ ነው የምትፈልገው" በሉት። አንዳንዱ አሰልጣኝ መልስ የለውም፤ ያን ጊዜ እናንተም ታውቁታላችሁ። ነገ ጊዮርጊስ ወይም ቡና ቢጠራችሁ ማንም 9 ቁጥር ይዞ በር ላይ አይጠብቃችሁም። ባለ 9 ቁጥሩ እዚያ አለ።

ብቃትም ይወርዳል። ሩኒ በ16 ዓመቱ ስለጀመረ እግሩ ቶሎ ደከመ። በ31 ዓመቱ የዩናይትዱ አሰልጣኝ ሞሪንሆ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ጥር 2017 ስቶክ ላይ ዩናይትድ 1 ለ 0 እየተመራ ተቀይሮ ገባ። በባከነ ሰዓት ቅጣት ምት አገባና አቻ አደረጋቸው። ለዩናይትድ 250ኛ ጎሉ ነበር፤ የክለቡን ክብረ ወሰን፣ የቦቢ ቻርልተንን 249 ያለፈበት። ከወንበር ተነስቶ! በዚያው ዓመት ግንቦት ስቶክሆልም ላይ፣ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፣ አያክስን 2 ለ 0 እየመሩ በ90ኛው ደቂቃ ገባ። ለዩናይትድ የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ። ዋንጫውን ያነሳው እሱ ነው፤ አምበል ነበርና። ያን ማታ ዲኤስቲቪ ቤት አጠገቤ የነበረ አንድ የዩናይትድ ደጋፊ ሲያለቅስ አይቼ፣ አርሴናልነቴን ረስቼ ሻይ ጋበዝኩት።

ያ ልጅ ሲወጣ ፌስታሉን ረስቶ ሄዷል። ረስቶ ይሁን ሆን ብሎ አልጠየቅሁም። ማልያው ጭቃ ነበር፤ አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼዋለሁ። በዚህ ብርድ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ማክሰኞ ልምምድ ሜዳ ይዤው እመጣለሁ።