ብሎኑን ስታጠብቁ ራሱ ይሸሻል? ስለ ማርኪንግ ጌጅ ጥያቄና መልስ

ስለ ማርኪንግ ጌጅ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉ ብዬ ነበር፤ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ለማያውቀው፦ ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ የሚንሸራተትና ብዙውን ጊዜ በብሎን የሚቆለፍ ራስ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሹል ያለው መሣሪያ ነው። ራሱን ከጣውላው ጠርዝ ጋር አስጠግታችሁ ስታስኬዱት ከጠርዙ እኩል የራቀ መስመር ይጭራል።

ልገዛ ነው። ሱቅ ውስጥ እንዳለሁ በምን ልለየው?

ራሱን ዘንጉ ላይ ቆልፈህ በእጅህ ጠምዘዝ አድርገው። ከተነቃነቀ መልሰህ አስቀምጠው። ቀጥሎ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለውን ሞክር፦ ልክ አስተካክልና ብሎኑን ስታጠብቅ ራሱ ከቦታው ይሸሻል ወይ?

እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። የናስ ጌጥ ያለው፣ ሲያዩት የሚያጓጓ ጌጅ ገዛሁ። ባጠበቅኩት ቁጥር ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይሸሻል። ሳላውቅ አንድ የዋንዛ መሳቢያ ሠራሁበትና ማዕዘኖቹ ሁሉ ክፍተት አወጡ። ወቀሳው ለብሎኑ ነው፤ ጫፉ በቀጥታ ዘንጉን ይነክሳል፣ በነከሰ ቁጥር የድሮው ጉድጓድ ይስበዋል። በደንብ የታሰበበት ጌጅ ብሎኑና ዘንጉ መካከል ትንሽ የብረት ወይም የናስ ቁራጭ አለው። ናስ ካየህ እዚያ ፈልገው፤ ሌላው ጌጥ ነው። (የራሱ ፊት ላይ የተለበጠው ናስ ግን እንጨቱ ቶሎ እንዳይበላ ይረዳል።)

ሹል፣ ቢላ ወይስ ክብ ስለት?

የእንጨቱን ክር ተከትለህ ከሆነ ሹልም ይበቃል። ክሩን አቋርጠህ ስትጭር ግን ሹል ይቦጭቃል እንጂ አይቆርጥም፤ መስመሩ ጸጉራም ይሆናል። እዚያ ላይ ስለት ያስፈልግሃል። ጃፓኖች ኬቢኪ የሚሉት ጌጅ የሚቆርጠው በስለት ነው። ክብ ስለት ያላቸውም በዚሁ ይመሰገናሉ። የስለቱ የተሞረደ ጎን ወደ ጌጁ ራስ ይዙር፤ ያኔ ስትጎትተው ራሱን ጠርዙ ላይ ያጣብቀዋል።

ያለህ ባለ ሹል ከሆነ አትጣለው። ሹሉን በሞረድ አንዱን ጎን ጠፍጣፋ፣ ሌላውን ጎበጥ አድርገህ ትንሽ ቢላ አስመስለው።

ክብ ስለቱ ስጎትተው አይሽከረከርም። ተበላሽቶብኝ ይሆን?

አልተበላሸም እህቴ፣ መሽከርከር የለበትም። ሲደነዝዝ ስለቱን የያዘውን ብሎን ፈታ አድርገሽ ስለቱን ትንሽ አዙሪው፤ አዲስ ስለት ታገኛለሽ። ብሎኑ በሥራ መሃል እንዳይላላ አልፎ አልፎ እዪው።

ዘንጉ ላይ ሚሊሜትር የተጻፈበት አይሻልም ጋሼ?

እኔ አላምነውም። ሹሉ አንዴ ሲሞረድ ቁጥሩ መዋሸት ይጀምራል። ልኩን ከሥራው ውሰድ፦ የመሮህን ስፋት ወይም የጣውላውን ውፍረት በቀጥታ። መሃል መፈለግ ከሆነ በግምት አስተካክልና ከሁለቱም ጠርዝ ጭረት አድርግ። ሁለቱ ጭረቶች አንድ ላይ ካረፉ መሃሉን አግኝተሃል።

ክብ ዘንግ ወይስ አራት ማዕዘን?

ሁለቱም ይሠራሉ። ክብ ዘንግና ክብ ራስ ያለው ግን ከጠረጴዛ ላይ ተንከባሎ ስለቱ ሲሚንቶ ላይ ያርፋል። ራሱ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነውን ምረጥ።

ራሴ ልሥራው?

ሥራው እንጂ! ወይራ ካገኘህ በጣም ጥሩ ነው። የጌጁን ራስ ቀዳዳ አስቀድመህ በስኳድራ (በቀጥተኛ ማዕዘን መለኪያ) እያየህ ፈልፍል፣ ከዚያ ዘንጉን በመላጊያ እየላግህ ወደ ቀዳዳው አምጣው። ገልብጠህ ከጀመርክ ቀዳዳውን እያሰፋህ ትከርማለህ። ለመቆለፊያ ብሎን አያስፈልግህም፣ ከጎን የሚገባ ሽብልቅ ይበቃል፤ በመዶሻ ነካ ታደርገዋለህ። ለሹሉ ምስማር ወስደህ ጭንቅላቱን ቁረጥና በጠባብ ቀዳዳ ምታው። ከ3 ሚሊሜትር በላይ ብቅ ካለ ጌጁ ያጋድልብሃል።