ከአዋሽ በረሃ እስከ ሳነቴ፦ ወፍና አውሬ ለማየት ለምትወጡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ በጥር ለስድስት ቀን አዋሽና ባሌ ፓርኮች ድንኳን ጥላችሁ ልታድሩ ነው። ስንት ሰዓት እንነሳ፣ ምን እንያዝ፣ ውሻዬንስ ልውሰዳት ወይ ብለሻል። እኔ ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ሄጄባቸዋለሁ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ግማሹ በከንቱ ስላለፈ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከውሻዋ ልጀምር። አይሆንም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፤ ሁሉም ቢደመር 500 እንኳ አይሞላም። አብዛኛው ያለው ደግሞ እናንተ የምትሄዱበት ባሌ ነው። ክፉኛ የሚጨርሰው ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው ባሌ ወብ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ቀበሮ የፈጀው እሱ ነበር። ተከትባለች ብትዪኝም ለጎረቤት አደራ ብለሽ ተዪያት።

አዋሽ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ ተነሱ። እኛ ቡና አፍልተን፣ ቁርስ በልተን፣ ተሳስቀን 3 ሰዓት ላይ መኪና አስነሳን። ሜዳው ላይ ሙቀት ብቻ ነበር የጠበቀን። ሳላዎቹ (ኦሪክስ የሚባሉት) ግራር ጥላ ሥር ገብተዋል፣ ቀንዳቸው ብቻ ይታያል። በማግስቱ ግን ከፀሐይ ቀድመን ወጣን። ቆሪ ባስታርድ የሚባለው ትልቅ የሜዳ ወፍ ሣሩን እየረገጠ ይሄዳል። ጀርባው ላይ ደግሞ ደማቅ ቀይ ንብ በል ወፍ ተሳፍሯል! ትልቁ ሲራመድ አንበጣው ይበረግጋል፣ ትንሹ ብድግ ብሎ ይለቅምና ተመልሶ ይሳፈራል። በነጻ፣ ያለ ሰልፍ። እኔ ታክሲ ስጠብቅ ሁሌ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ወንዙ ዳር ድንኳን ስትተክሉ ከውኃው ራቁ፤ አዞ አለ። ጦጣዎቹን ደግሞ አትናቋቸው፣ ዚፕ መክፈት ያውቃሉ። የሁለት ቀን ዳቦአችንን ወስደው ዛፍ ላይ ቁጭ ብለው እያየናቸው በሉት። ምግብ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ጫማ ግን ድንኳን ውስጥ ይግባ፣ ጅብ ቆዳ ይወዳል።

የባሌው ከፍተኛ ሜዳ ሳነቴ ላይ ስትደርሱ ይሄን የሰዓት ነገር እርሺው። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በጥር ሌሊት ውኃ ይረጋል። እኛ የአዋሹን ትምህርት ይዘን ጨለማ ሳለ ወጣንና ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንቀጠቀጥን። ስካውታችን፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳቱ ዳር ቀሩ። «የት ትሄዳላችሁ? አይጡ መች ተነሳ?» አሉን። ለካ ቀበሮው የሚነሳው ምሳው ሲነሳ ነው። አይጡና ፍልፈሉ ፀሐይ ሳይሞቅ አይወጡም።

4 ሰዓት ላይ ራሳቸው ይዘውን ሄዱ። ከፍልፈል ጉድጓዶች 50 ሜትር ያህል ርቀን፣ ነፋሱን ፊታችን አድርገን ተቀመጥን። መጀመሪያ አፈር ተገፍቶ ወጣ። ቀጥሎ ደፍጠጥ ያለ ራስ፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የወጡ። ወገቡን ጉድጓድ ውስጥ እንዳደረገ ሣሩን እየነጨ ይሰበስባል። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አጠገቡ ትፈናጠራለች፣ ከተቆፈረው አፈር ትል ትለቅማለች። ቀበሮው በጎን በኩል ብቻውን መጣ። ጆሮውን ቀስሮ፣ ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። ዘለለ። ባዶ! አፍንጫው ላይ አፈር ይዞ ዙሪያውን አየና እኛን ከቁብም ሳይቆጥር ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሄደ። ይህን ለማየት 40 ደቂቃ ዝም ብለን ተቀምጠናል። በመኪና ስንዞር በዋልንበት ቀን ያየነው የሚሸሽ ጭራ ብቻ ነበር።

ከአዋሽ በረሃ ወጥታችሁ በዚያው ሳነቴ አትደሩ፤ የከፍታው ራስ ምታት ያሳብዳል። መጀመሪያ ዝቅ ብላ ባለችው የባሌ ከተማ ዲንሾ እደሩ፣ እሷ 3,100 ሜትር ገደማ ነው። የደጋ አጋዘኑም እዚያ ነው በደንብ የሚታየው። አስር ሳንቲም ካለሽ ገልብጠሽ እዪው፣ ላዩ ላይ ያለው እሱ ነው። ከአዋሽ በአዳማና በአሰላ አድርጎ ዲንሾ ለመድረስ አንድ ቀን ለመንገድ ስጡ፤ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ለፓርኮቹ ደውላችሁ ጠይቁ። ሌላ ቦታ አትጨምሩበት። ስድስት ቀን ለሁለቱም ጠባብ ነው።

ዕቃ ላይ ብዙ አታውጡ። ስሊፒንግ ባግ ውስጥ የሚገባ ጋቢ፣ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ፣ እና ለሁለት ሰው አንድ ባይኖኩላር። 8×42 የሚል፣ ማለትም 8 ጊዜ የሚያጎላ ፈልጉ። 10 ጊዜ የሚያጎላው ለጀማሪ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ደግሞ ሳትሄዱ አንድ ቀን እዚሁ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ግቡ። ቀበሮውንም አጋዘኑንም በቅርብ እዩአቸው፤ ቁመታቸውን ካወቃችሁ ሜዳ ላይ ከርቀት አትሸወዱም። ጠዋት ጠዋት ጣሪያችሁ ላይ እየጮኸ እንቅልፍ የሚነሳሽ ምንቃረ ረጅሙ ጋጋኖም ቢሆን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። ባይኖኩላሩን እሱ ላይ ተለማመጂ። ካላገኘሽ የኔን ላውስሽ፣ ሌንሱን በነጠላ እንዳትጠርጊው ብቻ።