የ18 ዓመት ታንከር ብንከራይ ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ፉጀይራ የመርከብ ደላላ ቢሮ ከገባሁ ገና ስድስት ወሬ ነው። አሁን አንድ ሚሊዮን በርሜል ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ የምትጭን የ18 ዓመት ሱዌዝማክስ ታንከር ቀርባልናለች፣ ዋጋዋ ከሌሎቹ ቀነስ ይላል፣ ቀለሟ አዲስ፣ ሰርቲፊኬቷም ሙሉ ነው። ምኗን ልይ? ደግሞ አንድ ነገር ቢፈጠር ጣጣው የባለቤቱ ነው አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 1999 ዲሴምበር ላይ ኤሪካ የምትባል የ24 ዓመት ታንከር ፈረንሳይ ብሪታኒ አካባቢ ለሁለት ተሰብራ ሰጠመች፣ ጥቁር ነዳጁ ባህር ዳርቻውን ሁሉ አበላሸው። እሷም ወረቀቷ ሙሉ ነበር እኮ! ግን የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ችሎት በ2012 የተከራያትን ቶታልንም ተጠያቂ አደረገው፣ መርከቧን ሲመረምር በደንብ አላየም ተብሎ። ስለዚህ ቀለሙን እርሳው።

መጀመሪያ የአይኤምኦ ቁጥሯን፣ ማለትም የመርከቧን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ያዝ፣ ስምና ባንዲራ ይቀየራል ሰባቱ ዲጂት ግን አይቀየርም፣ በሱ ታሪኳን ታወጣለህ። በአጭር ጊዜ ስም፣ ባንዲራና ባለቤት የቀያየረች ከሆነች ለምን ብለህ ጠይቅ። ኢንሹራንሷንም ባለቤቱ በላከልህ ፒዲኤፍ አትመን፣ ራሱ መድን ሰጪው ክለብ (የመርከብ ባለቤቶች የጋራ መድን ማኅበር) ጋ አረጋግጥ፣ ፎርጅድ አለ።

ከዛ የሳየር ሪፖርት፣ ማለትም የነዳጅ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት የታንከር ፍተሻ ሪፖርት፣ ከስድስት ወር ያላለፈው ቢሆን ይመረጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ የሳየር ኢንስፔክተር የሚያየው አሠራሩን፣ ሠራተኛውን፣ መሣሪያውን ነው እንጂ ጭነት ታንኩ ውስጥ ገብቶ ብረቱ ምን ያህል እንደሳሳ አይለካም። ያንን የሚነግርህ ካፕ የሚባለው የመርከቧን አካል ይዞታ የሚመዝን ምርመራ ነው፣ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል፣ 1 ምርጡ ነው፣ 15 ዓመት ላለፋት መርከብ ብዙ የነዳጅ ኩባንያዎች ከ2 የባሰ (3 ወይም 4) አይቀበሉም። ድፍድፍ የታንኩን ወለል ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጎ ይበላዋል፣ በመርከቧ ሁለት ግድግዳ መሀል ያለው ባላስት ታንክ (የሚዛን ውሃ መያዣው) ደግሞ ጨው ውሃ ነው የሚይዘው፣ ቀለሙ ከተላጠ ዝገቱ አይቆምም። የውፍረት ልኬቱንና የታንኩን ፎቶ ጠይቅ። 20ኛ ዓመቷ ላይ ትልቁ ሰርቬይ (ምርመራ) ስላለባት አንዳንድ ባለቤት ከሱ በፊት ጥገና ላይ ይቆጥባል፣ እኔ ርካሽ ዋጋ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ፓምፑንም አትርሳ። ኮንትራቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ታራግፍ ወይም ማኒፎልዱ (የማራገፊያ ቱቦው የሚገጠምበት ቦታ) ላይ 100 ፒኤስአይ ግፊት ትያዝ ይላል፣ ስለዚህ ያለፉትን የማራገፊያ መዝገቦቿን አስልክ።

የካፕ ሪፖርቱን ዛሬውኑ በኢሜይል ጠይቅ፣ ነገ ዛሬ እያሉ ካንጠለጠሉህ ለደንበኛህ ሌላ መርከብ ፈልግለት።