እግሩ የሚንኳኳባችሁ መኪና ካለ ዛሬ ጠይቁ

መካኒኩ፦ እንዴት ዋላችሁ። ገላን ጋራዥ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ስራዬ ደግሞ በአብዛኛው እግር ነው፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ክፍል፦ ሾክ አብዞርበር (ውዝዋዜውን የሚያበርደው)፣ ቦል ጆይንት (እንደ ኳስ የሚዞር መገጣጠሚያ)፣ ቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ ጫፍ)፣ ጎሚኒ (መሃሉ ጎማ የሆነ ማያያዣ) ምናምን። ዛሬ ከሰዓት ስራ ስለቀለለልኝ ጻፉልኝ የምችለውን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ግን የመኪናውን አይነት፣ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ መቼ እንደሚጮህ ንገሩኝ፣ ጉድጓድ ላይ ነው? ፍሬን ስትይዙ ነው? መሪ ስታዞሩ ነው? እና ከሁሉም በፊት፣ በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ስር ማንም እንዳይገባ። ክሪኩ ለማንሳት ነው እንጂ ለመያዝ አይደለም፣ ከስሩ መደገፊያ አድርጉ።

ቪትዝ ከኮዬ፦ ጋሼ ሰላም ነው? 2003 ቪትዝ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ እስከ አስፋልቱ ያለው ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብዬ ስሄድ ከፊት በቀኝ በኩል ኳ ኳ ኳ ይላል፣ አስፋልት ላይ ስወጣ ጸጥ። አንድ ጋራዥ ሁለቱንም ሾክ ቀይር አሉኝ፣ ብሩን ሳላወጣ ልጠይቅህ ብዬ ነው።

መካኒኩ፦ አጠያየቅህ ጥሩ ነው። ሾኩን ለጊዜው ተወው። ሾክ ሲሞት ብሬከር ካለፍክ በኋላ መኪናው ሁለት ሶስቴ ይወዛወዛል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ጎማውም እዚህም እዚያም እየዘለለ ይበላል። ትናንሽ ድንጋይ ላይ በዝግታ ኳ ኳ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው። ስታቢላይዘር ማለት የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘው ብረት ነው፣ ሊንኩ ደግሞ ብረቱን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው አጭር ዘንግ፤ ስታቢላይዘሩ ስራ የሚኖረው አንዱ ጎማ ከፍ ሌላው ዝቅ ሲል ብቻ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ሁሌም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርግ፣ ሰፋ ያለ ብሬከር ፈልግና ቀጥ ብለህ ሁለቱንም የፊት ጎማ እኩል ቀስ ብለህ አሳልፍ፣ ተመለስና አሁን የቀኙን ጎማ ብቻ በብሬከሩ ጠርዝ ላይ አሳልፍ። እኩል ሲያልፉ ዝም ብሎ በአንዱ ሲሆን ከጮኸ ሊንኩ ነው፣ ወይ ደግሞ ስታቢላይዘሩን ከቦዲው ጋር የሚይዘው ጎሚኒ ነው። በሁለቱም ከጮኸ ሾኩ አናት ላይ ያለውን ጎማና ቦል ጆይንቱን እናያለን።

ማረጋገጥ ከፈለግክ የሁለቱንም በኩል ሊንክ አስፈታና ከምንም ጋር እንዳይነካካ በሽቦ አሳስረህ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለህ ዞር ዞር በል፣ ድምፁ ከጠፋ አገኘኸው። ያለ ሊንክ ኩርባ ላይ መኪናው ይጋደማል፣ ወደ ዋናው መንገድ እንዳትወጣ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፣ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ ስታነሳ ስታቢላይዘሩ ይወጠርና የሞተው ሊንክ ጥብቅ ሆኖ ይታያል። መካኒኩ በእጁ ነቅንቆ «ደህና ነው፣ ሾክ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ ሆነው ወይም ሁለቱም ተነስተው ነው ሊንክ የሚታየው።

ሱዙኪ፦ ሰላም፣ መኪናዬ ይንኳኳል፣ ምን ይሆን?

መካኒኩ፦ ከላይ የጠየቅኩትን መልስልኝና ተመለስ።

ሃይኤስ የሰበታ መስመር፦ ጋሼ ሃይኤስ ነው የምሰራው። ፍሬን ስይዝ ከፊት አንዴ ጓ ይላል፣ ስነሳም አንዴ ጓ። ቦል ጆይንቱን አሳየሁ፣ ጎማውን በክሪክ አንስተው ላይ ታች ነቀነቁት፣ ምንም ጨዋታ (መላላት) የለውም ተባልኩ።

መካኒኩ፦ ክሪኩን የት አድርገው ነው ያነሱት? መልሱ እዚያ ላይ ነው። ቪትዝና ኮሮላ ከፊት ሞላው ሾኩ ላይ ስለሆነ ቦል ጆይንቱ የመኪናውን ክብደት አይሸከምም፣ በቦዲው አንስተህ ጎማው ተንጠልጥሎ ብትነቀንቀው ጨዋታው ይታይሃል። የአንተ ግን ሁለት አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚይዝ ክንድ) ነው ያለው፣ ሞላው ከታችኛው አርም ጋር የተያያዘ ከሆነ ሸክሙ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። በሻንሲው ካነሳኸው አርሙ እንደተወጠረ ወደ ታች ይገፋልና የተበላውም ቦል ጆይንት ተጨናንቆ ጤነኛ ይመስላል። እንዲህ ከሆነ ክሪኩ የታችኛው አርም ስር፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ ነው መግባት ያለበት፣ ከዚያ ጎማው ስር ረጅም ብረት አስገብተህ ወደ ላይ ፈንቀል፣ ሌላ ሰው ቦል ጆይንቱ ላይ ጣቱን ያድርግ፣ ጨዋታ ካለ ጣቱ ይነግረዋል። ቀልድ አይደለም፣ ይሄ ቦል ጆይንት ከወለቀ ጎማው ይታጠፋል፣ ሰው ጭነህ ነው የምትሄደው። ዛሬውኑ አሳየው። ደህና ሆኖ ከተገኘ የአርሙን ጎሚኒዎች እዩ፣ ስትነሳም ስትቆምም አንዴ አንዴ ጓ የሚል ብዙ ጊዜ አርሙ ወደፊትና ወደኋላ እየሸሸ ነው።

ኮሮላ ከጣፎ፦ ጎሚኒ ካልክ አይቀር፣ እኔ የአርም ጎሚኒ ካስቀየርኩ ሶስት ወር አልሞላውም፣ ተቀዷል፣ ያው ድምፅ ተመለሰ።

የለቡው፦ ቻይና ገጥመውልህ ነው። ሶማሌ ተራ ሂድና ኦርጅናል ግዛ።

ኮሮላ ከጣፎ፦ ኦርጅናል ነው ብለው ነው የሸጡልኝ።

የለቡው፦ ብለው ነዋ! እኔ ያገለገለውን አርም ከነጎሚኒው ነው የምገዛው፣ ከአዲሱ ቻይና ይሻላል።

አባት ከፉሪ፦ ያገለገለ ጎማ ነገር እንዴት ይሻላል ልጄ፣ ጎማ እኮ ቁጭ ብሎም ይደርቃል።

መካኒኩ፦ አባቴ ልክ ነዎት። ግን የእቃው ጉዳይ ይቆየን፣ አብዛኛውን ጎሚኒ የሚገድለው እቃው ሳይሆን አጠባበቁ ነው፣ ይሄን ስናገር ደከመኝ። ጎሚኒው ውስጥ ያለው ጎማ ከውጪውም ከውስጡም ብረት ጋር ተጣብቋል፣ አይሽከረከርም፣ አርሙ ሲወርድና ሲወጣ ጎማው ይጠመዘዛል እንጂ። መካኒኩ መኪናው በክሪክ ላይ እያለ፣ ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቡሎኑን ጥርቅም አድርጎ ያስራል። መኪናው መሬት ሲነካ አርሙ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጎሚኒው ገና ከጋራዥ ሳይወጣ ተጠምዝዞ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ኮሮኮንች ሲጨመርበት ይቀደዳል፣ ኦርጅናልም ቢሆን። ትክክለኛው ቡሎኑን ላላ አድርጎ ማስገባት፣ መኪናውን በአራት ጎማው ማቆም፣ ፊቱን ተጭኖ ሁለት ሶስቴ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ከጋራዡ የስራ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ማጥበቅ ነው። ስታሰሩ አጠገቡ ቁሙና «መሬት ላይ ወርዶ ነው የምታጠብቀው» በሉት። ቅር ቢለው ይበለው፣ ብሩ የእናንተ ነው።

ቤቲ፦ ጋሼ የሞተር ዘይት የትኛው ነው ጥሩ?

መካኒኩ፦ እህቴ የኔ ነገር እግር ነው፣ የመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተጠቀሚ።

ቪትዝ ከአያት፦ እኔ ቪትዜን ከፍ አስደርጌያለሁ፣ ብሬከር ስወርድ ከፊት ጓ ይላል።

የለቡው፦ ከፍ ያላለ ቪትዝ የኛን ሰፈር መንገድ አይችልም፣ አታውርደው።

አባት ከፉሪ፦ የኔ ከፍ ሳይል አስር አመት ነድቼዋለሁ፣ ቀስ ማለት ነው።

የለቡው፦ እርስዎ ጋ ፒስታው ተጠርጓል አባቴ፣ እኛ ጋ ክረምት ላይ ይምጡና ይዩት።

መካኒኩ፦ በቃ፣ ሁለታችሁም መንገዱን ነው የምታወሩት። ከአያት የጠየቅከው፣ ከፍ ሲደረግ ከሞላው ስር ወይም ከሾኩ አናት ላይ ነገር ይገባል፣ የሾኩ ርዝመት ግን ያው ነው። የገባው ከሞላው ስር ከሆነ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሾኩ ቶሎ ጫፉ ይደርስና ብረት በብረት ይመታል፣ የምትሰማው ጓ እሱ ሊሆን ይችላል። ሲቪ ጆይንቱም (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ) በማይወደው አንግል ነው የሚሰራው፣ መሪ ጥግ ድረስ አዙረህ ስትነሳ ጠቅ ጠቅ ካለ እሱ ጀምሯል። ከፍታውን በግማሽ ቀንስና አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) አሰራ። በክሪክ ብቻ ስሩ እንዳትገባ።

ኤሌክትሪክ ከሱሉልታ፦ የኔ ኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ገና አዲስ ነው ግን ከድሮው ኮሮላዬ በላይ ይንኳኳል።

መካኒኩ፦ በ2016 በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተባለ ወዲህ ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ድሮ ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ ይሰማሃል፣ ባትሪው ደግሞ ከባድ ነው፣ እግሩ ብዙ ይሸከማል። ምርመራው ግን ያው ነው፣ ብሬከሩን እኩልና በአንድ ጎማ ሞክር። ሌላ ደግሞ በኮሮኮንቹ ላይ ፍሬኑን ነካ አድርገህ ያዝ፣ ድምፁ ወዲያው ከጠፋ እግር ሳይሆን የፍሬን ሸራው ወይም ካሊፐሩ ነው የሚንቀጠቀጠው። ባትሪውን የሚሸፍነውን የስር መከላከያም እይ፣ ቡሎን ወልቆ ይሆናል።

ያሪስ፦ ሰላም ጋሼ፣ ያሪስ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ኳ ኳ ይላል፣ አስፋልት ላይ ግን የለም።

መካኒኩ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ፣ ቃል በቃል ያንተው ነው። ሳትሞክር እቃ እንዳትገዛ።

ሱዙኪ፦ እሺ ጋሼ፣ ዲዛየር ነው፣ ከፊት በግራ፣ ትናንት ጎሚስታ ጋ ጎማ ካስቀየርኩ ጀምሮ ነው። ቀስ ስል ጓ ጓ ይላል፣ መሪውም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አሁን መንገድ ላይ ነኝ።

መካኒኩ፦ መጀመሪያ እንዲህ አትለኝም! ዳር ይዘህ አሁኑኑ ቁም። ዳዶዎቹን በቁልፍ ሞክራቸው።

ሱዙኪ፦ ሁለቱ በእጄ ዞሩ።

መካኒኩ፦ አትንዳው። ጎማውን አንስተህ የቸርኬውን ቀዳዳዎች እያቸው፣ ክብ ከሆኑ መልሰህ በመስቀል አጥብቅ፣ አንዱን ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ክሪኩን አውርደህ ጎማው መሬት ሲይዝ እንደገና አጥብቅ። 50 ኪሎሜትር ያህል ስትሄድ ድገመው። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ግን ያ ቸርኬ አይሰራም፣ ስኮርታውን ግጠምና ቀስ ብለህ ወደ ቅርብ ጋራዥ ሂድ፤ የቡሎኑ ጥርስ ከተበላ ግን ስኮርታም አያድንህም፣ ቡሎኑ ሳይቀየር አትንዳው። ጎሚስታው በአየር መፍቻ ጥርቅም ቢያደርገውም በእጅ ቁልፍ ሳትሞክሩ ማናችሁም አትውጡ። የት አካባቢ ነህ?

ሱዙኪ፦ ቱሉ ዲምቱ አደባባዩን አልፌ። ቀዳዳዎቹ ክብ ናቸው።

መካኒኩ፦ እንግዲያው አጥብቅና ወደ እኔ ና፣ ቅርብ ነህ። ሌሎቻችሁን ማታ እመለስባችኋለሁ።