ለማስተማሪያ የጸደቀ ፕሮቶኮል ለመመረቂያ ጥናት ያገለግላል?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪና ረዳት አስተማሪ ነኝ። በፊዚዮሎጂ ኮርስ ተማሪዎቻችን ሰመመን በተሰጣቸው የላቦራቶሪ አይጦች ላይ የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካሉ፤ ለዚህም የጸደቀ ፕሮቶኮል (በእንስሳቱ ላይ የሚሠራውን የሚዘረዝር የጽሑፍ ዕቅድ) አለ። አማካሪዬ ግን ከትምህርቱ ቀን በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ አይጦቹ ነቅተው ሳሉ፣ በየጊዜው ደም እየወሰድኩ ውጤቱን ለመመረቂያ ጽሑፌ እንድጠቀምበት ነግረውኛል። «አይጥ በሕጉ አይሸፈንም፣ ሥራውም ለማስተማር ነው፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» ይላሉ። ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይጀምሩ። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ማየት ይገባል፤ አማካሪዎ ከተናገሩት ውስጥ ከፊሉ እውነት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ በ2002 ሲሻሻል፣ ለምርምር ተብለው በእርባታ የተገኙ አይጦችና ወፎች «እንስሳ» ከሚለው የሕጉ ትርጓሜ እንዲወጡ ተደርጓል። ኮርሱ በጥንቸል ወይም በሃምስተር (አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ) ቢሰጥ ኖሮ የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ቁጥጥር በቀጥታ ይመለከታችሁ ነበር። «ለማስተማር ነው» የሚለው ክርክር ግን በዚህ ሕግ ሥር እንኳ አያዋጣም፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ለምርምር የሚውለውንና ለማስተማር የሚውለውን እንስሳ ለይቶ አያይም።

ሆኖም ጉዳዩ በዚህ ሕግ ብቻ አያበቃም። የሕዝብ ጤና አገልግሎት ፖሊሲ የሚባለው ሁለተኛው ሥርዓት፣ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶችን ከመሳሰሉ ተቋማት በሚገኝ ገንዘብ የሚሠራን ሥራ ሲመለከት አይጥንም ሆነ ዓሣን ሳይለይ ሕይወት ያለውን የጀርባ አጥንት ያለው እንስሳ ሁሉ ይሸፍናል። ጥናትዎ በዚህ ገንዘብ የሚደገፍ ከሆነ ክርክሩ አበቃ። ካልሆነም፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ደንብ በግቢያቸው ያለውን የእንስሳት ሥራ ሁሉ፣ የገንዘቡ ምንጭ ምንም ይሁን ምን፣ ለእንስሳት እንክብካቤና አጠቃቀም ኮሚቴ (በየላቦራቶሪው «አያኩክ» የሚባለው ነው) ያስገዛሉ። ለኮርሱ ፕሮቶኮል ማስጸደቅ ማስፈለጉ ራሱ የእናንተም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ደንብ እንዳለው የሚጠቁም ነው።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮሚቴው ሲያጸድቅ የመዘነው ሰመመን ላይ ያለን፣ ሥቃይ የማይሰማውን አይጥ ነው። እርስዎ ሊነኩት ያሰቡት ግን የነቃ፣ በእጅ ወይም በመያዣ ተይዞ መርፌ ደጋግሞ የሚገባበት አይጥ ነው። የደሙ መጠን፣ የሚወሰድበት ቦታ፣ በመካከሉ የሚሰጠው የማገገሚያ ጊዜ፣ የሚወስደው ሰው ሥልጠና፣ እንስሳው ቢዳከም ሥራው የሚቆምበት ምልክት፣ አንዱንም ማንም አልጠየቀም። ፈቃድ የሚሰጠው በዚህ እንስሳ ላይ ለሚፈጸመው ለዚህ ድርጊት ነው እንጂ ለላቦራቶሪው ወይም ለፕሮፌሰሩ ስም አይደለም። የጥናት ዓላማን መለወጥና ሥቃይን ወይም ጭንቀትን የሚጨምር ድርጊት መጨመር ደግሞ ጉልህ ለውጥ ይባላል፤ ጉልህ ለውጥ የሚጸድቀው ከመጀመሩ በፊት ነው። በኋላ የሚደርስ ወረቀት ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም።

መዘዙም ወደ እርስዎ ይመጣል። ያለ ፈቃድ በተሠራበት ጊዜ የወጣ ወጪ በፌዴራል የምርምር ገንዘብ ሊሸፈን አይችልም፤ የሳይንስ መጽሔቶችም የኮሚቴውን ፈቃድ ማረጋገጫ ስለሚጠይቁ ምዕራፍዎ ሳይታተም ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው የሚያስፈራ አይደለም። ለነባሩ ፕሮቶኮል የማሻሻያ ጥያቄ ያስገቡ፣ ወይም ጥናቱን በራሱ ፕሮቶኮል ያቅርቡ፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የትምህርቱና የምርምሩ ዓላማ ሲቀላቀል የእንስሳቱን ቁጥር በአግባቡ ማስረዳት ያስቸግራል። ከማስገባትዎ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የእንስሳት ሐኪም ያነጋግሩ። የኮሚቴው አባላት ሙሉ ስብሰባ ካልጠየቁ ጉዳዩን ሊቀመንበሩ የሚመድበው አንድ አባል ብቻውን መርምሮ ሊያጸድቀው ስለሚችል፣ የሚባክነው ጊዜ አማካሪዎ እንደሚፈሩት ረጅም ላይሆን ይችላል። አማካሪዎ ራሳቸው የኮሚቴው አባል ቢሆኑ እንኳ በራሳቸው ጥናት ላይ ድምፅ መስጠት አይችሉም። ኮሚቴው የከለከለውን ደግሞ ዲኑም ሆነ ፕሬዚዳንቱ ሊፈቅዱ አይችሉም።

ምናልባት ደም መውሰድ ጀምረው ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ለሐኪሙና ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የተገኘውንም መረጃ ከሌላው ለይተው ያስቀምጡ። በቪዛ ላይ ያለ ተማሪ አማካሪውን ለማስቀየም እንደሚፈራ ይገባኛል፤ የእንስሳት ደኅንነት ሕጉ ደንብ ጥሰትን ለጠቆመ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ከበቀል ጥበቃ ያደርጋል፣ የእርስዎ አይጦች በዚያ ሕግ ሥር ባይወድቁም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ጥበቃ በራሳቸው ደንብ ለሁሉም ሰጥተዋል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎን ደንብ አውጥተው ያንብቡ። ለአማካሪዎም «ማሻሻያው እስኪጸድቅ ድረስ በዕቅዱ ላይ ብቻ እሠራለሁ» ብለው በትሕትና ኢሜይል ይጻፉላቸው፤ እስካሁን የሰጡዎት ትእዛዝ በቃል ብቻ ከሆነ፣ ያ ደብዳቤ የተባለውንና የመለሱትን በቀኑ መዝግቦ የሚያስቀር ብቸኛው ማስረጃዎ ይሆናል።